ከቅጂው መሃል የወጣው

ወደ ክፍሉ ሲገፈትሩኝ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳው ላይ የደረቀ ደም ነው። ጥግ ላይ የቢሯችን የኮምፒውተር ሠራተኛ ተጋድማለች። እኔ እዚያው ቦንጋ ባለው ቢሮ የፅዳት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ቁልፍ ስለምይዝ ያዙኝ።

ነገሩ የስብሰባ ቅጂ ነው። ሰው ስለታሰሩ አስተማሪዎች የተናገረበት። መሃሉ ላይ የልጄ ድምፅ ነበረ፣ ስሟንም ተናግራለች። የደኅንነት ሰዎች ሊወስዱት ሲመጡ መሃሉን ባዶ አገኙት።

"እትዬ፣ የልጅዎ ድምፅ ወጥቷል" አለችኝ በተሰነጠቀ ከንፈሯ።

"በምን ጊዜ? ደጅ ደርሰው አልነበር?"

"እሷን ትቼ ሙሉውን እንደገና ልገልብጥ ብል ሰዓት ይፈጃል። ዲስኩን 'ይህችን ቦታ ብቻ ልቀቅ' አልኩት። ሌላውን ሳልነካ ወዲያው ለቀቀ።"

እኔ የማር አገር የማንኪራ ልጅ ነኝ፤ ገባኝ። አባቴም ከቀፎ መሃል የማር እንጀራ ሲያወጣ ግራ ቀኙን አይነካም አልኳት።

"የወጣውስ የት ሄደ?"

"ርዝራዡ እዚያው አለ። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት አዋቂ ያገኘዋል።"



መርማሪው አስጠራኝ። የውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፈኝ። ስንተኛው ላይ እንደጮህኩ አላውቅም።

"አሮጊት፣ ልጅቷ ስትቆርጥ አይተሻል። የማን ድምፅ እንደሆነም ታውቂያለሽ። ስሙን ተናገሪ፣ እዚህ ወረቀት ላይ የቀኝ አውራ ጣትሽን አኑሪና ቤትሽ ግቢ።"

"ጠራጊ ነኝ ጌታዬ፣ ምን አውቃለሁ?"

"ኮምፒውተራችሁ እንደሆነ የኛ ሆኗል! ከጠዋት ጀምሮ የሥልጠና ፊልም እየጫንንበት ነው፤ ጢም ብሎ ሞልቷል። እስከ ከሰዓት አስቢበት።"

እውነቱን ልናገር፣ ጣቴን ልዘረጋ ምንም አልቀረኝም ነበር።

በዳዴ ተመልሼ ያለውን ነገርኳት። ቀና አለች።

"ሞልቷል አለ?"

"ጢም ብሎ።"

ጥርሷ በደም እንደተነከረ ሳቀች። "እትዬ፣ ቀፎውን ራሳቸው ሞሉት! ርዝራዡ ላይ ሌላ ተጽፎበታል፤ አሁን ማንም አያገኘውም። የቀረው የእርስዎ አፍ ብቻ ነው።"

ከሰዓት መርማሪው ወረቀቱን ዘረጋልኝ። የቀኝ አውራ ጣቴን በአራቱ ጣቶቼ ጨበጥኩት። ሊያስለቅቀኝ ታገለ፣ አቃተው። እጄን ወለሉ ላይ አስደግፎ በጫማው ረገጠው። እንደ ደረቅ ቀርከሃ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ጭብጤን ግን አልፈታሁም።

ልጄ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ባንክ ስሄድ ጣት አኑሪ ሲሉኝ ግራዬን እሰጣለሁ። የቀኙ እንደታጠፈ ቀርቷል።