መርፌውን ያሰርኩት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ እስካለፈው ወር ድረስ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጂማ፣ በቾ ቦሬ፣ ትንሽ ጋራዥ ያለኝ መካኒክ ነኝ። ሰው "ሥራው ንጹህ ነው" ይለኛል። እኔ ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ በሰው እንጀራ የገባሁ ሰው ነኝ።

የሐጂ ከማልን ሚኒባስ ሞተር የቀየርኩት ከዓመታት በፊት፣ በቡና ለቀማ ሰሞን ነው። ያገለገለ ሞተር ገጠምኩ፣ ተነሳ፣ ድምፁ ማሻአላህ! ያስቸገረኝ የውሃውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነበር። ከሞተሩ ጋር የመጣው ከአሮጌው ዳሽቦርድ ጋር አልግባባ አለ፤ የድሮው ደግሞ ጥርሱ ከቀዳዳው አልገጥም አለ። ቶርኖ ቤት ሄጄ ሴንሰሩን ከቀዳዳው የሚያገጥም ማስተካከያ ማስቀረጽ ነበረብኝ። ሐጂ ግን በየሰዓቱ ይደውላሉ፤ "ሰርቦ ከተማ ላይ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ማሎ ጨርስልኝ!" እኔም ሽቦውን ከሴንሰሩ ነቅዬ በአንዲት ትንሽ ሬዚስተር፣ ኤሌክትሪክ በምትገድብ ዕቃ፣ አሰርኩት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መርፌ መሃል ላይ ቆመ። ሞተሩ ቢቀዘቅዝም መሃል፣ ቢነድም መሃል። "ሲመለስ አስተካክለዋለሁ" አልኩ። ለሹፌሩ ለኑረዲን መንገር ምን ይከብድ ነበር? አንድ ቃል! አልነገርኩትም። "ሥራ አይችልም" እንዳይለኝ ፈራሁ።

ኑረዲን ከሰርቦ ሲመለስ የራዲያተሩ ጎማ ተቀደደና ውሃው ፈሰሰ። እሱ መርፌውን አምኖ ነዳ፤ ሞተሩ ተቃጠለ። ሐጂ "ውሃ ሳያይ ነድቶ ነው" ብለው ሽማግሌ ሰበሰቡ፤ እኔም ባለሙያ ተብዬ ተጠራሁ። ኑረዲን "መርፌው መሃል ነበር" እያለ ዓይን ዓይኔን ያያል። ሐጂ ወደ እኔ ዞረው "ዱጋ ነው? እውነቱን ንገረን፤ መርፌው በትክክል ይሠራ ነበር?" አሉኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ "ወላሂ፣ ይሠራ ነበር" አልኩ። ወላሂ! የአላህን ስም በሐሰት ጠራሁ፤ ያውም ለአንዲት ሬዚስተር።

ከዚያ ወዲህ ኑረዲን "ሞተር ያቃጠለው" ተባለ። መኪና የሚሰጠው ጠፋ። ለዓመታት ገበያ ውስጥ የሰው ጆንያ ሲሸከም አየሁት። እሱ ሰላምታ አልነፈገኝም፤ እኔ ነኝ ሳየው መንገድ የምቀይረው። ቤቴ ገብቼ ራት እበላ ነበር፣ እንዴት እንደሚዋጥልኝ እንጃ።

ያለፈው ወር ከወንድሙ ጋር የገዛትን አሮጌ ሚኒባስ ይዞ ጋራዤ መጣ። እሷም ሞተር የተቀየረላት ናት። "የሙቀት ሴንሰሯ ብቻ ነው የቀራት፤ ካንተ ሌላ እጁን የማምነው የለም" አለኝ። እኔን! የያዝኩትን ቁልፍ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ ኑረዲን። "አሁን ለእኔ ብቻ ሹክ ብትለኝ ምን ያደርግልኛል? በሰው ፊት ነው የማልከው፤ በሰው ፊት መልሰው።"

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሐጂና እነዚያው ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ ተናገርኩ። ሐጂ አርጅተዋል፤ እንባቸው ወረደ። ኑረዲንን ጨብጠው "ልጄ፣ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ" አሉት። እኔን ቀና ብለውም አላዩኝ። ይገባኛል።

በማግስቱ ቶርኖ ቤት ሄጄ ማስተካከያውን አስቀረጽኩና ሴንሰሩን በደንቡ ገጠምኩ። ሞተሩን አስነሳን። ኑረዲን መሪው ላይ ተቀምጦ፣ እኔ በመስኮት አንገቴን አስግጌ፣ መርፌውን እናያለን። ከታች ተነሳ፤ ቀስ እያለ ወጣ።

አፉ እንዲለኝ ለምኜዋለሁ። እሺም እምቢም አላለኝም። ሐጂ ቸኩለው ነበር፣ ዘመኑ ክፉ ነበር አልልም፤ መርፌውን ያሰርኩት እኔ፣ የማልኩት እኔ። ብቻ ኑረዲን ከጎኑ ያለውን በር ከፈተልኝና "ሰርቦ የመጀመሪያ ጉዞዬ ነው። ግባ፤ እኔ መንገዱን አያለሁ፣ አንተ መርፌውን ታያለህ" አለኝ።

ገባሁ። ሰርቦ እስክንደርስ ዓይኔን ከመርፌው አልነቀልኩም።