ግማሽ ቲዩብ ደም

ጋሽ ተገኘ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ደም ሲቀዳ ኖሯል። ሆሳዕና ውስጥ፣ ስሙን በምተወው ሆስፒታል፣ እጁ ቀላል በመሆኑ የማያውቀው የለም። ከጃጁራ የመጣች እናት ሌላ ባለሙያ ክንዷን ሲይዛት እጇን ትሰበስብና «ያኛው ይምጣልኝ» ትላለች። ያኛው እሱ ነው። እኛ የላቦራቶሪው ወጣቶች ቅር ይለን ነበር፤ እኔማ በግልጽ እቀና ነበር። ዲግሪውን የያዝኩት እኔ፣ የሚፈለገው እሱ!

ከእጁ ሌላ አንድ ነገር ነበረው፤ ለሰው ያዝናል። ከገጠር የሚመጡት ሰዎች ደማቸው ወደ ቲዩቡ ሲወርድ ዓይናቸውን አይነቅሉም፤ በተለይ ቁርስ ሳይቀምሱ ሁለት ሰዓት በእግራቸው የመጡት። «ኧረ ጨረስከኝ!» ይሉታል። እሱም ግማሽ ላይ ሲደርስ መርፌውን ይነቅልና በሀዲይኛ «በቃ፣ በቃ» እያለ ክንዳቸውን በጥጥ ይይዝላቸዋል። ለአብዛኛው ምርመራ ግማሹም ይበቃል። በዚህ ልማዱ ማንም ተጎድቶ አያውቅም ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የደም መርጋት መመርመሪያ ማሽን መጣልን። ከሱ ጋር ሰማያዊ ክዳን ያለው ቲዩብ መጣ። በዚህ ቲዩብ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ትንሽ ፈሳሽ አለ፤ ልኩ የተወሰነው ደሙ ቲዩቡ ላይ እስካለው መስመር ይሞላል ተብሎ ነው። ደሙ ካነሰ ፈሳሹ ይበዛበታል፣ ማሽኑም የጤነኛውን ሰው ደም አይረጋም ብሎ ያወጣዋል። እኔ ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ጋሽ ተገኘ ግን የማሽኑ ሥልጠና የተሰጠ ቀን ተረኛ ስለነበር ደም ሲቀዳ ነው የዋለው።

ትርሲት ከሾኔ የመጣችው ያን ሰሞን ነው። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት ወደ ውስጥም አድጎ መተንፈሻዋን ይጫናታል፤ ጋደም ካለች ስለምትታፈን ግድግዳ ተደግፋ ታድራለች። ሰርጀኑ ለማክሰኞ ቀጠራትና ከዚያ በፊት የደም መርጋት ምርመራ አዘዘላት። ጋሽ ተገኘ ቀዳላት። ስታቃስት ሲሰማ አንጀቱ አልችል አለና ግማሽ ላይ አቆመ።

አጠገቡ ነበርኩ። ቲዩቡን አይቼዋለሁ። «ጋሽዬ፣ አልሞላም እኮ» ማለት ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። እኛ ጋ አባት የሚሆንን ሰው በታካሚ ፊት ማረም ነውር ነው፤ እኔም ጨዋ ልጅ ነኝ። ያንን ጨዋነቴን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

ውጤቱ ወጣ፤ ደሟ አይረጋም። ሰርጀኑ ወረቀቱን አይቶ «ቢላ ካሳረፍኩባት ደሟ አይቆምልኝም» አለና ቀጠሮውን ሰረዘ፤ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈላት። ባሏ ሆሴዕ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። አዲስ አበባ ግን አልሄዱም። ደሟ የማይረጋ ሴት ማን ደፍሮ ይነካታል ብለው ሾኔ ተመለሱና ጸሎት ያዙ።

አሥራ አራት ወር አለፈ። አንድ ቀን ሰርጀኑ ላቦራቶሪ ገብቶ «የዚህ አገር ሴቶች ደም ምን ሆኖ ነው የማይረጋው?» አለ። ሌሎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ጋሽ ተገኘ አልሳቀም። መዝገቡን ገልጦ ሲያይ፣ አይረጋም ከተባሉት አብዛኞቹ እሱ የቀዳላቸው ናቸው። ሰማያዊውን ቲዩብ አንስቶ መስመሩን አየና እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋልኝ።

«ሁለት ቅጂልኝ። አንዱን እስከ መስመሩ፣ አንዱን ግማሽ።»

በሞላው ቲዩብ ጤነኛ ነው። በግማሹ የራሱ የጋሽ ተገኘ ደም አይረጋም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ «ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር» አልኩት። መዝገቡን ዘግቶ ተነሳ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኃላፊያችን «ታካሚዎቹ በስልክ ይጠሩ፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር በሏቸው» አለ። ጋሽ ተገኘ በማግስቱ በሚኒባስ ሾኔ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። ትርሲት በር ላይ ተቀምጣለች። አተነፋፈሷ ከመንገድ ይሰማል። ቁጭ በል ቢሉት እምቢ ብሎ እንደቆመ ተናገረ።

«ደምሽ ጤነኛ ነው፣ እህቴ። ማሽኑ አልተበላሸም። እኔ ነኝ አሳንሼ የቀዳሁት።»

ሆሴዕ ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄደ። እሷ «ታዲያ አሁን ኦፕራሲዮን እሆናለሁ?» ብቻ አለች።

በሳምንቱ እኔ ቀዳኋት፣ እስከ መስመሩ። ደሟ ጤነኛ ነው። ኦፕራሲዮኑ አምስት ሰዓት ፈጀ። በነዚያ ወራት እንቅርቱ አድጎ የድምፅ ነርቯን ጠቅልሎት ስለነበር ሳይነኩት ማውጣት አልተቻለም። ትንፋሿ ተመለሰ፣ ድምፅዋ ሄደ። ያኔ በቀጠሮዋ ተሠርታ ቢሆን ነርቩ ሊተርፍ ይችል እንደነበር ሰርጀኑ አልደበቀንም።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ተገኘ ልጠይቃት ብሎ ዋርድ ገባ። እኔ ከኋላው በሩ ላይ ቆምኩ። ትርሲት ስታየው ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ ቢልም አልሰማትም። ሆሴዕ ጆሮውን አፏ ላይ አድርጎ አዳመጠና ቀና አለ።

«እግዚአብሔር ይስጥህ ትልሃለች» አለው። «እኔ ግን አልልህም።»

«አትበለኝ፣ ወንድሜ» አለ ጋሽ ተገኘ።