ጠንከር ያለ ሰው ይግባ

የባሌ እህት አምና፣ ከፋሲካ በኋላ በደለችኝ። ባሌን ምግብ አልወርድ ብሎት መሃል ከተማ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፉ አስገብተው ውስጡን አዩት። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ፣ «ከቤተሰብ ጠንከር ያለ ሰው ይግባ» ሲል እሷ ቀድማኝ ተነሳች። ስትወጣ፣ «ጨጓራ ነው አሉ፣ እትዬ፤ አይዞዎት» አለችኝ።

እኔም አምኜ አጥሚት ሳጠጣው ሰነበትኩ። ክረምቱ ሲወጣ ስለምንጠግነው ጣሪያ እናወራ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

ካንሰር እንደነበረበት የሰማሁት ለቅሶው ላይ፣ ከእሷ ጋር ከምትጸልይ ሴት ነው። የሚጸልዩበት የታቦር ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ያውቅ ኖሯል። የባሌን እህት ብጠይቃት፣ «እንዳይደነግጡ ብዬ ነው» አለች።

ዕድሜዬን አብሬው ኖሬ ሳልሰናበተው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አላስገባኋትም።