የቀበርኩት ጥጃ

ከደጋው ከተማ ከፈረስ ቤት ብርድ ወጥቼ ከቡሬ በታች ያለውን የቆላ ደን እንድጠብቅ ስመደብ፣ አውሬ የማውቀው ከመጽሐፍ ነበር። አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ነው የወረድኩት። ደኑ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ፣ ድንጋዩ እግር የሚያቃጥል፣ የአባሎ ዛፍና የሽመል ቀርከሃ የበዛበት ነው። ሚዳቋው፣ ዝንጀሮው፣ ጅግራው ሞልቷል፤ ስሙ የሚነሳው ግን በነብር ነው። እኔ በነበርኩበት ጊዜ የቀረችው አንዲት ነብር ብቻ ነበረች። ሁለት ግልገሎቿን ገደሉ ሥር ታሳድጋለች።

ግንቦት ላይ ነብሯ የአንድ ገበሬ ጥጃ ገደለች። ሥጋው ላይ መርዝ ያደርጉባታል ብዬ ፈራሁና ጉድጓድ አስቆፍሬ በድኑን አስቀበርኩት። የሰፈሩ አዛውንት በትራቸውን ተመርኩዘው ያያሉ።

«ተው ልጄ፣ የገደለችውን ትጨርስ። ነብር ግዳዩን ከነጠቁት ሌላ ይፈልጋል። እኛ ከብቶቻችንን ዘግተን እንተውለት ነበር» አሉኝ።

«አባቴ፣ እርስዎ አይጨነቁ፣ እኛ ተምረነዋል» አልኳቸው። ምላሴን በቆረጠው!

በማግስቱ ምሽት ነብሯ ተርባ ተመለሰች። የገደለችው ባላቸው የሞቱባቸው የአንዲት እናት ጊደር ነው። ያለቻቸው እሷው ብቻ ነበረች፤ ሰኔ ላይ ትወልድ ነበር። ነብሯ ጎትታ መውሰድ ስላቃታት ጥቂት በልታ አጥሩ ሥር ትታት ሄደች።

ሮጬ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «እመይቴ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ መርዝ አያድርጉባት፤ የሚጠቡ ልጆች አሏት።»

«ለእሷ ልጆች አለቀስክ» አሉኝ። «ለእኔ ልጆች ማን ያልቅስ?»

አንዱ ጎረቤት ከኋላዬ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብሎ ሳቀብኝ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ያሉኝ መስሎኝ ሄድኩ። አወይ ሞኝነት!

ቀደም ሲል ለእህላቸው ብዬ በገዛ እጄ ያደልኳቸውን የነቀዝ መድኃኒት የጊደሯ ሥጋ ውስጥ ጎሰጎሱት። ነብሯን በሦስተኛው ቀን ወንዝ ዳር ሞታ አገኘኋት፤ አፏ ውሃው ውስጥ ነበር። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ማንን ልቆጣ? ሴትዮዋን? በምን አፌ!

ግልገሎቹ ገደሉ ሥር ይጮሃሉ። ቢሮ ብደውል «ሪፖርት ጻፍ» አሉኝ። የምን ሪፖርት! ጆግ ይዤ ወተት ፍለጋ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሁሉም «ላማችን ነጥፋለች» አለኝ፤ ድርቁ ይሁን ቂሙ አላውቅም። የቀረኝ የእሳቸው ደጅ ብቻ ነበር። እፍረቴን ውጬ አንኳኳሁ።

ወጥተው ጆጉን አዩት። ቢሰድቡኝ በወደድኩ፤ አልተቆጡም።

«ወተትማ ሰኔ ላይ ይኖረኝ ነበር ልጄ» አሉኝ፤ «ለነሱም የሚተርፍ።»

ባዶ ጆጌን ይዤ ወደ ገደሉ ወረድኩ። የሚጮኸው አንዱ ብቻ ነበር።