የድሮ ቁጥሬ ምርቃት

የስልክ ድርጅት ስቀይር የድሮ ቁጥሬን ይዤ መሄድ አልቻልኩም። አዲሱን ቁጥር ለሁሉም ስሰጥ፣ አንበሳሜ ከተማ ላሉት አክስቴ ለእትዬ ጥሩ ብቻ ሳልሰጥ ቀረሁ። በየማለዳው እየደወሉ የሚያዘንቡት ምርቃት ሥራ ያስረፍደኝ ነበር።

ከዓመት በኋላ ጸጸቱ አላስቀምጥ አለኝ። እሳቸውን ለማናገር አፍሬ፣ አንድ ማለዳ መጀመሪያ ወደ ድሮው ቁጥሬ ደወልኩ። ሰይድ የሚባል፣ ሐሙሲት ከተማ የሚኖር ጨርቅ ነጋዴ አነሳው።

«ቁጥሩ የእኔ ነበር። አንዲት እናት ይደውላሉ?»

«እትዬ ጥሩ? መርቀውኝ ነው ሱቄን የምከፍተው!»

«ስልኩን የሚያነሳው እኔ እንዳልሆንኩ እሳቸው ያውቃሉ?»

«ገና መጀመሪያ ሲደውሉ ነግሬያቸዋለሁ። ‹እሷ ከሸሸችው አንተ ተመረቅ፤ አንድ ቀን መደወሏ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ድርሻዋን ታደርስልኛለህ› ብለውኛል። እንግዲህ አሜን ይበሉ!»

የአክስቴን ምርቃት አንዲት ቃል ሳያስቀር በቃሉ ይዞት ኖሮ ሙሉውን አወረደልኝ። ያን ቀንም ሥራ አረፈድኩ።