ከጤነኛ የወጣ ሰይጣን

ጋሽ አበጀ ጽዮንን ሲመቱ ልጃቸውን የሚመቱ አይመስላቸውም። «እሱን ነው እንጅ አንችን መች ነካሁሽ!» እያሉ የወይራ ዱላቸውን ያሳርፉባታል። ጀርባው ግን የጽዮን ነው፤ የሚያብጠውም የሚደማውም የሷ ነው። ሰይጣኑማ ምን ቸገረው!

ነገሩ የጀመረው ልጅቱ አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ምድጃ ዳር ተንፈራግጣ ስትወድቅ ነው። ቤት ሙሉ ሰው ነበር፤ እጁን የዘረጋ ግን የለም። የሚጥል በሽታ በንክኪ ይጋባል ይባላል አይደል? ሁሉም ከሩቅ ክብሪት እየጫረ ጢሱን ሲያሸታት፣ ግራ ክንዷ ፍም ላይ ይጠበስ ነበር። ጎትታ ያወጣቻት ታላቅ እህቷ ሐረገ ወይን ናት። ከዚያ ወዲያ ጽዮን በወደቀች ቁጥር «ቡዳ በልቷታል፤ ማን እንደበላት ትለፍልፍ!» ይባልና ዱላው ይወርዳል። እሷም የመጣላትን የጎረቤት ስም ትጠራለች፤ ሲብስባት «ወጣሁ፣ ወጣሁ» ትላለች። ጋሽ አበጀ ላባቸውን ጠርገው «ተመስገን» ይላሉ። በአንዱ ቀን ልፍለፋ ስሟ የተጠራ አንዲት ምስኪን ጎረቤት ተደብድባ የፊት ጥርሷ ረግፏል። እያደር ደግሞ ገደል ትገባብናለች ተብሎ ጽዮን ከቤቱ ምሰሶ ጋር በሰንሰለት ታሰረች።

ሐረገ ወይን ይህን ማየት ሲያንገሸግሻት ከወገዳ በላይ ካለው መንደሯ ኮብልላ መካነ ኢየሱስ ከተማ ገባች። ድምጿ ያማረ ነበርና ኪነት ቡድን ውስጥ አስገቧት። ያልዘፈነችው ምን አለ? ስለ ክትባት ዘፍናለች፤ ስለ እርከን ሥራ ዘፍናለች፤ ጤፍ በመስመር ስለ መዝራት ሳይቀር ዘፍናለች! አንድ ቀን ታዲያ ለአንድ የጤና በዓል ግጥም ልትቀበል ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ የእህቷ ሕመም የአንጎል ሕመም እንደሆነና በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን እንዳለው ሰማች። «ለጤፍ ስዘፍን ኖሬ ለእህቴ አፌን ዘግቼ!» ብላ እዚያው በር ላይ አለቀሰች።

ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ላይ ከቡድኑ ተዋናይ ከዳኛቸውና ሞባይል ከምትጠግነው ከዮርዳኖስ ጋር ሆና ኮንሰርት አሰናዳች። የመግቢያው ገንዘብ ክኒን መግዣ ለሚቸግራቸው ሕሙማን ነው። ዮርዳኖስ ማስታወቂያውን ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው፤ ግማሹ ላይክ አደረገ፣ ግማሹ «ሰይጣንን በዘፈን ልታወጡት ነው?» እያለ ተሳለቀ።

ለሐረገ ወይን ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ቢመጣ አንድ ሰው ካልመጣ ከንቱ ነበር። መንደሯ ድረስ ሄዳ አባቷን ለመነች። «አንድ ጊዜ ብቻ ይምጡና ይዩ አባባ።»

ጋሽ አበጀ ማሉ። «ሰይጣን አለመሆኑን ዓይኔ ካየ፣ እመብርሃንን፣ ጽዮንን በገዛ እጄ እፈታታለሁ። ካላየ ግን ስሟን ሁለተኛ አታንሺብኝ፤ ደጄንም እንዳትረግጭ!»

የኮንሰርቱ ቀን ከፊት ወንበር አስቀመጠቻቸው። ልጃቸው ስትዘፍን አንገታቸውን ደፍተው በኩራት ፈገግ አሉ። ከዚያ ድራማው ገባ። ጋሽ አበጀ በሕይወታቸው ድራማ አይተው አያውቁም። ዳኛቸው ደግሞ ሳሙና አኝኮ ነበር፤ መድረኩ ላይ ዘፍ ብሎ ወድቆ፣ ዓይኑን ገልብጦ፣ አረፋ እየደፈቀ ተንፈራገጠ። ሐረገ ወይን በጎኑ አስተኝታ፣ ጭንቅላቱ ሥር ነጠላ አንጥፋ፣ «አትምቱት፣ ክብሪት አትጫሩበት» ብላ ለሕዝቡ ልታሳይ ነበር። ማን ጊዜ ሰጥቷት! አዳራሹ ውስጥ ክብሪት መጫር ጀመረ፤ ጋሽ አበጀም ወንበሩን ገልብጠው ዘለው ወጡ።

«ለፍልፍ! ማን ነህ?» ዱላው የዳኛቸው ትከሻ ላይ አረፈ።

«ኧረ ጋሼ! ድራማ ነው!»

«አታታልለኝ! ለፍልፍ!» ጎኑን ደገሙት። ሐረገ ወይን ክንዳቸውን ብትይዝ በክርን ገፍትረው ጣሏት። ሦስተኛው ምት የልጁን እጅ ሰበረው፤ ሲሰበር ከኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ። ዳኛቸው፣ ያ ጠዋት እንጀራ በወጥ በልቶ ሲቀልድ የነበረ ጤነኛ ሰው፣ ነፍሱ ስትጨነቅ የሚለው ጠፋው።

«እሽ! ወጣሁ! ወጣሁ! ልቀቁኝ!» ብሎ ጮኸ።

ጋሽ አበጀ ዱላቸውን ወደ ላይ አነሱ። «አያችሁ? ወጣ! በዓይናችሁ አያችሁ!»

ሐረገ ወይን ከወደቀችበት ተነሳች። «አባባ፣ ዳኛቸው አልታመመም። እኔ ነኝ ውደቅ ያልሁት። ታዲያ ምንድን ነው የወጣው?»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ነው ጋሽ አበጀን ያሳበዳቸው፤ ዞረው ልጃቸውን ግንባሯ ላይ አሏት። ደሟ ፊቷን ሸፍኖት ሲወርድ አራት ጎረምሶች ተረባርበው ሰውየውን መሬት ጣሉና በጫማ ረገጧቸው። «አባቴን ተውልኝ!» እያለች ላያቸው ላይ ተኛች፤ ለእሳቸው የተሰነዘረው እርግጫ ለእሷም ተረፋት።

ዮርዳኖስ ስልኳን አላወረደችም ነበር። ቪዲዮው ፌስቡክ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ሰዉ ሳቀበት። ቀጥሎ ግን ከሳቁ መካከል ሌላ ቃል ይመጣ ጀመር፤ «የኛም ቤት አለች»፣ «ወንድሜ እንዲህ ሲመታ ነው የሞተው»፣ «ክኒኑ የት ነው የሚገኘው?» በሳምንቱ ጤና ጣቢያው ደጅ እግራቸው በገመድ የተላጠ ሰዎች ተቀምጠው ታዩ።

ወገዳ ገበያ ላይ ደግሞ አንድ ጎረምሳ ጋሽ አበጀን ከኋላ «ወጣ! ወጣ!» አላቸው። ጥርሱን አወለቁለትና ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ ባዶ እጃቸውን ቤታቸው ገቡ። በማግስቱ ለሐረገ ወይን «ነይ» ብለው ላኩባት።

«ይገድልሻል፤ እባክሽ አትሂጅ» አላት ዳኛቸው፣ የታሰረ እጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። እሷ ግን ክኒኑን ይዛ ሄደች።

አባቷ ደጃፍ ላይ መጥረቢያ ሲስሉ አገኘቻቸው። ሰላምታዋን አልመለሱም። «ተከተይኝ» ብለው ገቡ። ተከተለቻቸው። ምሰሶው ሥር ቆሙና «ዓይኔ አይቷል» ብለው መጥረቢያውን በሰንሰለቱ ላይ አነሱ።

ጽዮን ሰንሰለቱን መች አየች! የአባቷን የተነሳ እጅ ነው ያየችው። ጭንቅላቷን በሁለት ክንዷ ሸፍና «እለፈልፋለሁ አባባ! ሐረግ ናት! ሐረግ ናት የበላችኝ! እወጣለሁ!» እያለች ጮኸች።

የጋሽ አበጀ እጅ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብለው አወረዱትና መጥረቢያውን ለሐረገ ወይን ሰጧት። «እኔ ከያዝሁት አታምንም። አንች ምችው» ብለው ወጡ።

ሐረገ ወይን መታች። ሰንሰለቱ እልኸኛ ነበር። በመታች ቁጥር ጽዮን አንድ ስም ትጠራለች፤ የጎረቤቱን፣ የአክስቷን፣ የሞተችውን እናቷን ሳይቀር። «በቃሽ እህቴ፣ የሚመታሽ የለም» ብትላት አልሰማ አለቻት። የምትጠራው ስም ሁሉ አልቆባት፣ ሰንሰለቱ ሊበጠስ ሲል፣ ድምጿ ዝቅ አለ።

«አበጀ» አለች። «አበጀ ነው የበላኝ።»

አባቷ በሩን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ ሰሙ። አልገቡም፣ አልተቆጡም፤ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።