ውሃ የሚጠጣው የጎባ መብራት

እህቴ ዘይነባ ያገባችው ጎባ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች። «የግቢው ቧንቧ እየነዘረኝ ነው» ብላ ስትደውልልኝ የመሣሪያ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ከአዳማ ተነሣሁ። የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ሰው ባሌ የሚሄደው ተራራውን ሊያይ ነው፤ እኔን ያጓጓኝ ግን ያ ቧንቧ ነበር።

ዲንሾ

ከአሰላና ከዶዶላ በኋላ ብርዱ ይጀምራል። ዲንሾ ላይ ደጋ አጋዘኖች አስፋልቱ ዳር ቆመው ገላመጡን፤ እኔማ እንደ ሕፃን መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ። ቀጥሎ የሮቤ ስንዴ ዓይን እስኪደክም ተዘረጋ። ሮቤ ላይ ዳቦ በእርጎ በላሁና የጎባ ሚኒባስ ያዝኩ።

ጎባ

ዘይነባ አብራቸው የምትኖረው አማቷ አደ ከድጃ አሮጌው ቤታቸው በር ላይ ተቀበሉኝ፤ ዘይነባ ውስጥ ጋደም ብላለች። «አከም ጅርቱ» ተባብለን ሰላምታውን ሳንጨርስ የበሩ አምፖል ደብዘዝ አለ። አደ ከድጃ በጆግ ውሃ ቀድተው ጓሮ ወጡና መሬት ውስጥ በተተከለ ብረት ላይ አፈሰሱት። አምፖሉ ቦግ አለ!

«ምን እያደረጉ ነው እማማ?»

«መብራቱ ሲደክም እናጠጣዋለን። ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ በበጋ ቶሎ ይጠማዋል።»

«አይነዝርዎትም?»

«እግሬን ትንሽ ቆንጠጥ ያደርገኛል። ሰሞኑን እኔን ወገቤን ስላመመኝ የምታጠጣው ዘይነባ ናት።»

ክው አልኩ። ኤሌክትሪክ በአንዱ ሽቦ ገብቶ በሌላው፣ ኒውትራል በሚባለው፣ ይመለሳል። የዚህ ቤት ኒውትራል ምሰሶው ላይ ተበጥሶ ኖሯል፤ አንዱ ጠጋኝ ደግሞ በቤቱ በኩል የቀረውን የሽቦውን ጫፍ ከዚያ ብረት ጋር አስሮት ሄዷል። ስለዚህ መመለሻው አፈሩ ሆነ፤ በዚያው አፈር ውስጥ የሚያልፈው የግቢው ቧንቧም የሚነዝረው ለዚህ ነው። አፈሩ ሲርስ መብራቱ ይደምቃል፤ አጠጪዋ ግን እርጥብ መሬት ላይ ከሞት ጋር ቆማለች። መብራቱን ቆጣሪው ላይ አጠፋሁት።

«እንግዳ መጥቶ በጨለማ?» አሉ አደ ከድጃ ተቆጥተው።

«ዛሬ በሻማ እናምሽ እማማ። ያ ውሃ ዘይነባን ይገድላታል።»

እሳቸውም ጆጉን አስቀመጡ።

በማግስቱ የጠራኋቸው የመብራት ኃይል ሠራተኞች ምሰሶው ላይ ወጥተው ኒውትራሉን ቀጠሉ። እኔም የቤቱን መስመር ከብረቱ ለያይቼ በትክክል አሰርኩት፤ ብረቱም የኧርዝ ሥራውን ብቻ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ማስገባቱን፣ እንዲሠራ አደረግኩ። መብራቱ ሲመጣ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። አደ ከድጃ «ማሻአላህ» ብለው እጄን ይዘው ጎረቤት ለጎረቤት አዞሩኝ፤ እንዲህ የታሰረ ብረት ሌላም ቤት ነበርና እሱንም አስተካከልን።

አዳማ

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ዘይነባ ደወለች። «ሴት ናት። ሁለታችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።»

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከእንግዲህ «ትንሽ ይነዝረኛል» ያለኝን ሰው ነገ እመጣለሁ አልለውም።